የጋሽ ደስታ ቴምብሮችና የእኔ እርማት

ሰው መምከር እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ከጎረቤት ሰምታችሁ እንዳትታዘቡኝ ነው። ኮልፌ፣ እኛ ሰፈር፣ ከእኔ ምክር ያመለጠ ሰው ካለ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። በላይኛው መንገድ የሚዞረው ሰው ከዓመት ዓመት እየበዛ መምጣቱን ባለቤቴ ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ኮብልስቶን ስለተነጠፈ ነው ባይ ነኝ።

ሥራዬ የተቃጠለ ሞተር መጠምጠም ነው። የውሃ ፓምፕ ይምጣ፣ የወፍጮ ይምጣ፣ የእንጨት ቤት ይምጣ፣ ያረረውን ሽቦ አውጥቼ በአዲስ እጠመጥመዋለሁ። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የቀረውን እኔው ነኝ ለራሴ ያስተማርኩት። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ ሲሳሳት "ውጣና ተንበርከክ!" የሚለው አስተማሪ የለውም። ስለዚህ ተሳስቶም ለራሱ አሥር ከአሥር ይሰጣል። ይህን የተረዳሁት ባለፈው ወር ነው። ዕድሜዬ ስድሳ ሁለት ነው።

ሱቄ ግድግዳ ላይ በትልቁ፣ በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት ሕግ አለ። "ከመፍታትህ በፊት ሣል" ይላል። የትኛው ሽቦ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚገባ ሳይሥል ሞተር የሚበትን ሰው፣ ኋላ መግጠም ሲያቅተው ደንበኛው ፊት ቆሞ የሚቀባጥር ሰው ነው። ልጆቼን እናታቸው ወተት ስታጠባቸው እኔ ይህን ሕግ ነበር የማጠባቸው። ልጄ ማርታ፣ ዛሬ አስኮ አካባቢ መምህርት ናት፣ ትንሽ ሆና አሻንጉሊቷ እግሯ ሲወልቅ አልቅሳ ስትመጣ እንኳ "መጀመሪያ ሥለሻታል?" ብዬ የጠየቅሁ አባት ነኝ። አሁን ሳስበው ትንሽ አብዝቼዋለሁ።

ጀርመንኛ የተማርኩትም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። የድሮ የጀርመን ሞተር ጎኑ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለችው፤ ጉልበቱ፣ ፍጥነቱ፣ የተሠራበት ዓመት ተቀርጾባታል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከእነዚያ ሰሌዳዎች ላይ አሥራ አንድ ቃል ለቅሜአለሁ። አሥራ አንዱንም አሳምሬ አውቃቸዋለሁ። ጥፋቴ አንድ ቀን እድር ስብሰባ ላይ "ጀርመንኛ እንኳ ያን ያህል አይከብድም" ማለቴ ነው። ስንት ቃል እንደማውቅ የጠየቀኝ የለም። እኔ ደግሞ ያልተጠየቅሁትን አልመልስም፤ ማለትም በዚህ ጉዳይ ላይ።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ አፀደ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ሱቄ መጡ። እትዬ አፀደ የጋሽ ደስታ ባለቤት ናቸው። ጋሽ ደስታ ዘነበወርቅ ካለው ሆስፒታል ዕድሜ ልካቸውን በድሬሰርነት የሠሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ የሰፈሩን ቁስል በነጻ ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። የእኔን ጣት ሁለት ጊዜ ሰፍተውታል። ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

"አንተ፣ ጀርመንኛ ታውቃለህ አሉ" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

"ትንሽ ትንሽ፣ እትዬ።"

ነጠላውን ሲፈቱት አልበም ነው። ውስጡ የድሮ የጀርመን ቴምብሮች፣ በእያንዳንዱ ቴምብር ሥር ደግሞ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት መስመር።

"የጻፈው ደስታ ነው፤ ቴምብሩ የጀርመን ስለሆነ ነው ወደ አንተ የመጣሁት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ ላይ አቀርቅሮ ነበር የሚውለው። ከእነዚህ አንዷ የኔ ናት ይለኝ ነበር። የትኛዋ ናት ስለው 'ልጆቹ አንድ ላይ የተሰበሰቡ ቀን አሳይሻለሁ' ይለኛል። ልጆቹ አንድ ላይ የተሰበሰቡት ሊቀብሩት ነው።"

አልበሙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፤ እኔ ምን ብዬ እንደምመክር አጣሁ።

"ለሙት ዓመቱ እሑድ ይመጣሉ፣ ሦስቱም። ይህን ሁሉ ዘመን ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ያችን ቴምብር በእጄ ይዤ ልነግራቸው ነው ሐሳቤ። ባዶ እጄን አፌ አይከፈትልኝም፤ ሞክሬው አውቃለሁ። ዓይኔ ደግሞ እንደምታየው ነው። የትኛዋ እንደሆነች ብቻ አንብበህ እስከ እሑድ ንገረኝ።"

"እሑድ ምን ያደርጋል እትዬ? ነገ ይደርሳል" አልኳቸው። ያችን "ነገ" ማን እንዳስወጣት እስካሁን አላውቅም።

ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ቤት ገባሁና አልበሙን ከባለቤቴ ሽንኩርት አጠገብ ዘረጋሁት። ሠላሳ ስምንት ቴምብር ነው። አንዳንዱ ላይ ዘውድ የደፋች፣ ደረቷን የነፋች ሴት አለች፤ አንዳንዱ ላይ ጢማቸው አገጫቸውን የሸፈነ ሽማግሌ፤ ሌላው ላይ ቁጥር ብቻ። በቴምብሮቹ ላይ ከታተሙት ቃላት አንዱም ከአሥራ አንዱ ውስጥ አልተገኘም። የውሃ ፓምፕና ፖስታ ቤት የሚገናኙበት ነገር የለም ለካ።

ከሥር የተጻፈውስ? የጋሽ ደስታ ጽሑፍ አማርኛ መሆኑ ያስታውቃል፤ ከዚያ አያልፍም። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ከሐኪሞች ጋር ሠርተው እጃቸው የሐኪም እጅ ሆኗል። ፊደሉ ስኳር ያገኘ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። ቁጥሩ ግን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ጥርት ያለ ነው። በመድኃኒት ሥራ ቃል ቢበላሽ ይጠየቃል፤ ቁጥር ከተበላሸ ሰው ይሞታል። በእያንዳንዷ መስመር ላይ ሁለት ሁለት አኃዝ አለች፦ 58፣ 61፣ 63፣ 66፣ 74፣ እያለ እስከ 77 ይሄዳል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የራሴ አስተማሪ የሆንኩት እኔ የራሴ ተማሪ ለሆንኩት ለእኔ ማስረዳት የጀመርኩት። ቴምብሩ የጀርመን ነው። ስለዚህ ዓመቱም የጀርመን ነው። ስለዚህ 58 ማለት አሥራ ስምንት መቶ ሃምሳ ስምንት ነው። ስለዚህ ጋሽ ደስታ የጻፉት ቴምብሩ የታተመበትን ዓመት ነው። ሦስት "ስለዚህ" በተከታታይ ያገኘ ሰው አያቆምም።

ከዚያ ስሕተት አገኘሁባቸው። ዘውድ የደፋችው ሴትዮ 61 ላይ አለች። ገጹን ብገልጥ 74 ላይም አለች። ያችው ሴት፣ ያው ዘውድ፣ ያው ደረት። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ መጨማደድ ያልጨመረች ሴት! እኔ ባለቤቴን ባልኩ... ይቅር፣ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ብቻ ጋሽ ደስታ ቴምብሮቹን አደባልቀው ለጥፈዋል ብዬ ፈረድኩ። ጎበዝ ድሬሰር ነበሩ፤ ሥርዓት ላይ ግን ደከም ይሉ ነበር አልኩ። ሴቶቹ ከሴቶቹ ጋር፣ ሽማግሌዎቹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቢሆኑ፣ ዓመቱም ይስተካከላል፣ ከዚያ ጽሑፉም ይገባኛል፣ የእትዬ አፀደም ቴምብር ራሷን ታወጣለች።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ቀርቼ የሱቄን ቢላ ይዤ ተቀመጥኩ።

"አንተ፣ ምን እያደረግህ ነው?" አለች ባለቤቴ።

"እያረምኩ።"

"ማንን?"

"ጋሽ ደስታን።"

"ውይ! ሞተውም አልተዉህ፣ ማለቴ አልተውካቸውም!"

ጋሽ ደስታ ቴምብሮቹን የለጠፏቸው በሙጫ አይደለም። በሆስፒታል ፕላስተር ነው፤ በዚያው ለቁስል በምንለጥፈው። ከእያንዳንዱ ቴምብር ጀርባ ትንሽ የፕላስተር ቁራጭ አለች። በቢላ ሳነሳት ግማሿ ቴምብሩ ላይ ትቀራለች፣ ግማሿ ገጹ ላይ። እኔ ደግሞ ቆሻሻ አልወድም። ስለዚህ መጀመሪያ ያነሳኋቸውን ሦስት ሴትዮዎች ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ነከርኩና ጀርባቸውን አጠብኩ፤ ገጹ ላይ የቀረውንም ፕላስተር ፍቄ አጸዳሁት። ሦስተኛዋን ስፈገፍግ ጥጓ ተቀደደ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ሳፋውን ከፊቴ አነሳችው። "ይሄ የቂጣ ሊጥ የማቦካበት ነው፤ የሞተ ሰው ዕቃ አይታጠብበትም" አለች። የቀሩት ሠላሳ አምስቱ ከነፕላስተራቸው የተረፉት በእኔ ጥንቃቄ አይደለም፤ በእሷ ሊጥ ነው።

ሙጫ እስክገዛ ድረስ ሁሉንም በአዲሱ ሥርዓት በየገጹ ደረደርኳቸው። አማረልኝ። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ ልክ እንደ ሰርግ ቤት። ለራሴ አሥር ከአሥር ሰጠሁ።

ጽሑፉ ግን አሁንም አልገባኝም።

ሐሙስ ዕለት የእድራችን ጸሐፊ ጋ ሄድኩ፤ አቶ ግርማ ይባላሉ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ እጅ ጽሑፍ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ወልውለው፣ አልበሙን አርቀው፣ አቅርበው፣ ገልብጠው አዩት።

"አንዲት ቃል አገኘሁ" አሉ። "ይቺ 'ወጣ' ናት። ይቺም 'ወጣች'። ይቺም 'ወጣ'።"

"ከምን ነው የወጡት?"

"ከእድር ነዋ! ሰው ሌላ ከምን ይወጣል?"

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በአቶ ግርማ አስተሳሰብ ጋሽ ደስታ ከእኛ ተደብቀው ሌላ እድር ነበራቸው፣ ከዚያ እድር ሠላሳ ስምንት ሰው ወጥቷል። በጣም አዘኑባቸው። "እኔ ጸሐፊ ከሆንኩ ወዲህ ከእኛ እድር የወጣው አራት ሰው ብቻ ነው" አሉኝ፤ ቀጥለውም፣ "እነሱም የወጡት ያንተ ምክር መሯቸው ነው።"

ይህን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም ነበር። እትዬ አፀደም በዚያው ምሽት ልጅ ልከው "ነገ ያልከው ስንት ቀን ሆነው?" ብለው ጠየቁኝ።

ዓርብ ማርታ ከሥራ ስትመለስ ነገሩን ሰማች። አልበሙን አንድ ጊዜ አይታ፣ "አባዬ፣ የሐኪም ጽሑፍ የሚያነብ ሰው እኮ ፋርማሲ ነው ያለው" አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ያልመጣልኝ ነገር በአንድ አፍታ ሲመጣላት ተናደድኩ። እንደማስብበት ነገርኳት። ፋርማሲ ሄጄ ለአንዲት ወጣት "አንብቢልኝ" ማለት ለእኔ ዓይነቱ ሰው ቀላል አይደለም። ማሰቡ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ወሰደ።

ፋርማሲው ሰልፍ ነበረው። አልበሙን እንደ ጥሬ እንቁላል በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ፤ ቴምብሮቹ አልተለጠፉም። ተራዬ ሲደርስ ባለሙያዋ እጇን ዘርጋ አድርጋ "ማዘዣዎን ይስጡኝ፣ አባባ" አለች። አልበሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ።

"ይሄ ሁሉ የታዘዘው ለእርስዎ ነው?"

ከኋላዬ ያለች ሴትዮ አንገቷን አስግጋ፣ "ውይ አባባ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት!" አለች።

ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ሳቀችና ገለጠችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እኔ እርሳስ ሲሞክሩ የሞነጫጨሩት ነው ብዬ የዘለልኩት ነገር ነበር። እሷ እንደ ጋዜጣ አነበበችው፦

"'ጀርመናዊቷ ሲስተር ከአባቷ የወረሰችው የቴምብር ሣጥን አላት። ካስታመምኳቸው አንድ ሰው ድኖ በወጣ ቁጥር አንድ ትሰጠኛለች። ይህ ያንተ ሜዳሊያ ነው ትለኛለች።'"

ከዚያ እዚህም እዚያም እየገለጠች ቀጠለች፦

"'ባልቻ ጫማ ሰፊው። 58። ወጣ። መርፌ በጣቱ ያዘ።' 'ወልዴ። 71። ወጣ። የሚቀበለው ጠፋ፣ እኔ ሸኘሁት።' 'ሙሉ። 63። በእግሯ ወጣች።'"

58 የእኛው ሃምሳ ስምንት ነው። በኮልፌ ኖረው በዘነበወርቅ የሠሩ ሰው በማን አቆጣጠር ይጻፉ ኖሯል? ዓመቱ የቴምብሩ አይደለም፤ የሰዉ ነው። እያንዳንዱ ቴምብር አንድ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ ስምንቱንም ሰው ከየስሙ ላይ ነቅዬ በዘውድና በጢም መድቤአቸዋለሁ።

"'አፀደ። 66። ወጣች...'" ልጅቷ ቆም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨረሰችው፦ "'አልሄደችም።'"

ዘነበወርቅ ያን ጊዜ ምን ይታከምበት እንደነበር የእኛ ሰፈር ሰው ያውቃል። ሥጋ ደዌ ነው። ዛሬ ክኒን ተውጦ የሚዳን ነው፤ ያን ጊዜ ግን የዳነ ሰው እንኳ ታምሜ ነበር አይልም፤ ወንድሙ ሚስት ያጣል፣ ልጁ ባል ታጣለች ብሎ ይፈራል። እትዬ አፀደ ለልጆቻቸው ያልነገሩት ነገር ምን እንደሆነ እዚያው ባንኮኒ ላይ ገባኝ። ለልጅቷም ገብቷታል። አልበሙን ከደነችው።

"አባባ፣ እዚህ ቤት ሥራችን ማንበብ ብቻ አይደለም፤ መርሳትም ነው" አለችኝ። "ረስቼዋለሁ።"

የዚያች ልጅ አባት ማን እንደሆነ ባውቅ ሄጄ እጁን እጨብጠው ነበር። ምክር ሳልጨምር።

"ግን" አለች ቀጥላ፣ "ከእሳቸው ስም በላይ የነበረው ቴምብር የታለ?" ይህን ስትል አልበሙን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፤ አንዷ ዘውድ የደፋች ሴትዮ ሾልካ ወጥታ ከሳል ሽሮፕ ጠርሙሶች መሐል ገባች። ሰልፉ ሁሉ አጎንብሶ ፈለገልኝ።

ቤት ስደርስ ማርታ አየችኝና ምንም ሳልናገር ገባት። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ከመፍታትህ በፊት ምን ነበር የሚባለው?"

"ማርታ።"

"ግድግዳው ላይ ያለው። በቀይ የተጻፈው።"

"ሣል ነው የሚባለው።"

"አልሰማሁም።"

"ሣል!"

"ሥለሃል?"

"ወረንጦውን አቀብዪኝ።"

ከዚህ በላይ አላሠቃየችኝም። እኔ ብሆን እጨምር ነበር። ሐሳቡንም ያመጣችው እሷ ናት፦ ፕላስተሩ። በቢላ ስቀደው ግማሹ ገጹ ላይ፣ ግማሹ ቴምብሩ ጀርባ ላይ ቀርቷል። የአንዱ ቅዳጅ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ አንዱ በሰያፍ፣ አንዱ እንደ መጋዝ ጥርስ፣ አንዱ ክሩ ተንጠልጥሎ። ሰባት ሰዓት ላይ ጀመርን። እሷ ገጹን ትይዛለች፣ እኔ በወረንጦ ቴምብሩን አስጠጋለሁ። ሲገጥም ሁለታችንም ትንፋሽ እንለቃለን። የመጀመሪያው የባልቻ ነበር፦ አንድ ጢማም ሽማግሌ ሄደው ከጫማ ሰፊው ስም በላይ ልክክ አሉ። ማርታ የጋሽ ደስታን ጽሑፍ እየለመደችው ሄደች፤ ስም ባነበበች ቁጥር "እንኳን ደህና ተመለስክ" ትላለች። በልጅነቷ ከእኔ ጋር ይህን ያህል ሰዓት ተቀምጣ ታውቃለች? አላስታውስም። ሱቅ ነበርኩ፤ ወይ እየመከርኳት ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሠላሳ አምስቱ ቤታቸው ገቡ።

ሦስት ቦታ ባዶ ቀረ፦ የሙሉ፣ የወልዴና የአፀደ። ሦስት ቴምብርም ቀረ፦ ዘውድ የደፉ ሦስት ሴትዮዎች፣ ቁመታቸው እኩል፣ ጀርባቸው እንደ ታጠበ ሳህን የጸዳ። አጥቤአቸዋለሁ። ገጹንም ፍቄአለሁ። በሕይወቴ ንጽሕና የጎዳኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለቤቴ ከላያችን ቆማ ስታይ ቆየች። "እንግዲህ አንዷን አንስተህ ይቺ ናት በላቸው" አለች። "ማን ያውቃል? ደስ ይላቸዋል፣ አንተም ታርፋለህ።"

ሐቁን ልንገራችሁ? አሰብኩበት። ከሦስቱ አንዷ አረንጓዴ ናት፤ ቀለሟ ያልደበዘዘ፣ የጠርዟ ጥርስ ያልጎደለ። እሷን ብሰጣቸው ማን ሊጠይቀኝ? ሌላው ሰው እንዲህ ቢያደርግ እድር ስብሰባ ላይ ስሙን ሳልጠራ ግማሽ ሰዓት የምናገርበት ነገር ነው። ለራሴ ሲሆን ግን ውሸቱ ውሸት አልመስል አለኝ፤ ደግነት መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ማርታ እያየችኝ ነበር፤ ምን እንደምትጠብቅ አላወቅሁም፣ ብቻ እየጠበቀች ነበር። ሦስቱንም በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ አፀደ ቤት ድንኳን ተጥሎ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ተበተነ። ሦስቱ ልጆች ሳሎን ቁጭ ብለዋል፤ አንዱ ከሐዋሳ፣ አንዷ ከጅማ፣ ትንሿ ከዚሁ ከአስኮ። እትዬ አፀደ እንደገባሁ ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ማርታ አልበሙን ይዛ ተከተለችን።

"አገኘሃት?"

"እትዬ፣ ከሁሉ በፊት ጀርመንኛ አላውቅም" አልኳቸው። በዚያ ቤት ከዚያ በፊት ያልተናገርኩትን ያህል እውነት በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፦ ቁጥሩን፣ ቢላውን፣ ሳፋውን፣ ፋርማሲዋን፣ ፕላስተሩን። ሦስቱን ቴምብር ነጭ የስኒ ማስቀመጫ ላይ አደረግሁላቸው። "ከእነዚህ አንዷ እርስዎ ነዎት። የትኛዋ እንደሆነች ግን እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ የሚያውቅ የለም።"

ቁጣውን ጠበቅሁ፤ የሚገባኝ ነው።

"ከሥሯ ምን ይላል?" አሉኝ።

"'አፀደ። 66። ወጣች። አልሄደችም' ይላል።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

"ውሸታም! ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ፌርማታው ድረስ እየሮጠ መጥቶ የመለሰኝ ማን ሆነና! አልሄደችም ይላል ደግሞ!"

ማርታም ሳቀች። እኔ መሳቅ ይፈቀድልኝ እንደሆነ አላወቅሁም።

እትዬ አፀደ የስኒ ማስቀመጫውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አረንጓዴዋን አልፈው፣ ቡናማዋን አልፈው፣ ጥጓ የተቀደደውን ቀይዋን በሁለት ጣታቸው አነሱ።

"ይቺ ናት።"

"በምን አወቁ እትዬ?"

"ደስታን አላውቀውም እንዴ? ደህና ደህናውን ለሰው ሰጥቶ የተቀደደውን ነው ቤቱ የሚያመጣው። ጃንጥላ ቢሉ የተቀደደ፣ ብርድ ልብስ ቢሉ የተቀደደ። ለሌሎቹ ጥሩ ጥሩውን ለጥፎ ለእኔ ይቺን ነው የሚያስቀረው። እሱ ራሱ ነው!" ፊታቸው በርቷል። እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ አስቡት። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች ዝም እንድልላቸው ሲለምኑኝ ኖሬአለሁ፤ ዝምታ ጠቅሞኝ የሚያውቅ ከሆነ ያቺ ደቂቃ ናት። አፌን በእጄ ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

"እትዬ" አልኩ፣ "የቀደድኳት እኔ ነኝ። ረቡዕ ዕለት። ሳፋ ውስጥ።"

"አባዬ!" አለች ማርታ።

እትዬ አፀደ ዞረው አዩኝ። ከእግሬ ጀምረው እስከ ራሴ፣ ከራሴ ጀምረው እስከ እግሬ።

"አንተ ሰው፣ አንዲት ቀን እንኳ ዝም ማለት አትችልም?"

"አልችልም፣ እትዬ።"

ቴምብሯን መዳፋቸው ላይ አድርገው ጥጓን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እኔ አረንጓዴዋን ብድግ አድርጌ ላቀርብላቸው እጄን ስዘረጋ መቱኝ።

"ተው አልኩህ። እኔስ ደህና ሆኜ ነው እንዴ ደስታ እጅ የገባሁት?" አሉና መዳፋቸውን ጨበጡ። "ይቺው ናት።"

የጓዳውን መጋረጃ ገለጡ። "ልጆች! ያን ቴሌቪዥን አጥፉና ተጠጉ። የምነግራችሁ አለኝ።"

እኔና ማርታ በጓሮ በር ልንወጣ ስንል ዞር ሳይሉ፣ "እናንተም ተቀመጡ" አሉ። "አንተ ግን አፍህን ዝጋ።"

ከበሩ አጠገብ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ማርታ ከጎኔ ቆመች፤ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፣ ምናልባት ብድግ ብዬ እንዳልናገር ለመያዝ ይሆናል። ሦስቱ ልጆች ወንበራቸውን አስጠጉ። ትልቁ፣ ጸጉሩ የሸበተው፣ "እማዬ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?" አለ።

እትዬ አፀደ መዳፋቸውን ዘረጉለት።

"ይቺ እኔ ነኝ" ብለው ጀመሩ።